ጎልቶ የሚወጣ ትሕትና

ቅዱስ መስሎ መታየት የሚፈልግ ሀብታም የሌለበት ከተማ ካለ አድራሻውን ስጡኝና ልሂድበት። እኔ ሰው በመሳል የምተዳደር ነኝ፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስጨቃጨቅ ፀጉሬ ሸብቷል። ሁሉም ሰማዩን ይፈልጋሉ፣ ከምድሩ ግን አንድ ክንድ አይለቁም። የሁሉም አውራ አሁን የምስላቸው ጌታው ናቸው።

ጌታው የድሮ የመኳንንት ዘር ናቸው። በአዳራሻቸው ግድግዳ ላይ ቅድመ አያታቸው በወርቅ ካባ ከስቅለቱ ሥር ተንበርክከው፣ አያታቸው ደግሞ ለሕፃኑ ኢየሱስ የቤተሰቡን ማኅተም እያሳዩ ተስለዋል። ሕፃኑ ግራ የተጋባ ይመስላል። አሁን ተራው የእሳቸው ነው።

"ትሕትናዬ ጎልቶ ይውጣ" አሉኝ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ አራት ቀለበት አጥልቀው።

የዋህነታቸውን እንዲያመለክት በግ ከእግራቸው ሥር እንዲተኛ አዘዙ። ስስለው "ይሄማ የገበያ በግ ነው፤ ዘር ያለው አድርገው" አሉ። ሞትን እንደሚያስቡ ለማሳየት ጠረጴዛው ላይ የራስ ቅል አኖርኩ። አገላብጠው አዩትና "የጨዋ ሰው ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ምን አውቄ ጌታዬ፣ ስሙን አልነገረኝም።"

መልአክ ካባዬን ይሸከምልኝ ሲሉ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እህታቸው ከበሩ ላይ ሆነው "አንተ ሰው፣ መልአክ ሌላ ሥራ የለውም?" አሏቸው። ጌታው እንዳልሰማ ሆነው አገጫቸውን ወደ ሰማይ ቀና አደረጉ።

ሳቄን የወሰደው የልጃቸው ነገር ነው። በዚያ ቤት ሥዕሎች ላይ ቤተሰቡ ከአባወራው ኋላ ተንበርክኮ ይሳላል፤ ከመካከላቸው የሞተ ካለ ከራሱ በላይ ትንሽ ቀይ መስቀል ይደረግበታል። ጌታው የአንዲት ልጃቸውን ፎቶግራፍ ሰጡኝ። ከስድስት ዓመት በፊት አናጢ አግብታ ከቤት ወጥታለች።

"መስቀሉን አድርግባት።"

"እንዴ ጌታዬ፣ በሕይወት አለች እኮ!"

"ለእኔ ሞታለች። የታዘዝከውን ሥራ።"

ጥርሴን ነክሼ አደረግኩት። ተናድጄ ግን በኋላ ቢጠረግ ብዬ ቀለሙን ቶሎ በማይደርቅ ዘይት ለወስኩት። ከዚያ ወዲያ በመጡ ቁጥር በጉንም ቅሉንም ትተው "ደረቀ?" ይላሉ። "ገና ነው" ስላቸው ፊቷን ያያሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የሚጠይቁት ደርቆ እንዳይሆን እየፈሩ መሆኑ ገባኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሰላምታም ሳይሰጡ ወደ ሸራው ሄዱና መስቀሉን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ቀዩ ግንባሯ ድረስ ተዝረከረከ።

"አበላሸኋት" አሉ።

"ይስተካከላል ጌታዬ። ግን ከፎቶ ነው የሳልኳት፤ መጥታ ብትቀመጥልኝ ይሻላል።"

"ትመጣለች ብለህ ነው?"

ከበሩ ላይ የቆሙት እትዬ መልሴን አልጠበቁም፤ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። "አባትሽ ይፈልግሻል" አሉ። ከወዲያ "እሺ፣ መጣሁ" የሚል ተሰማ።

ጌታው ብሩሽ የማጸዳበትን ጨርቅ ከእጄ ነጥቀው ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ ውስጥ ነከሩት። ጣታቸውን እስኪላጥ ይፈትጉ ጀመር።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ! ይሄን ቀይ ነገር እጄ ላይ ስታይ ምን ትለኛለች?"

እየተቆጡኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኚህን ግብዝ ሽማግሌ እንደምወዳቸው ያን ጊዜ አወቅኩ። ጨርቁን ተቀብዬ ጣታቸውን ራሴ ፈተግኩላቸው።