ከኮኩ ዛፍ ዘጠኝ እርምጃ

ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። ትናንት ሌሊት ያየሁትን የፈታችልኝ እናቴ ናት፣ ያውም በእግሯ።

በሕልሜ ፀሐይ በምዕራብ ወጥታ ነበር። ኮልፌ ካለው ግቢያችን በር ላይ የፍሳሽ መሥሪያ ቤት ሹማምንት ፋይላቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። ቤታችንን ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር ለማገናኘት የእኛን ፈቃድ ሊለምኑ ነው የመጡት። አውራ ዶሯችን ጠረጴዛ ላይ ቆሞ እግሩን ቀለም እየነከረ ማኅተም ይመታ ነበር፤ ደስ ያላለውን ወረቀት ይጭረዋል። አለቃቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቱቧቸውን እንድቀበላቸው ለመኑኝ። እኔም ስብሰባ ላይ ነን፣ ነገ ተመለሱ አልኳቸው። ይህን ማለት እንዴት እንደሚጣፍጥ ያልቀመሰው አያውቀውም።

«ነገ አይሆንም» አሉኝ። «የጉድጓዱን ክዳን ዛሬ ካላሳዩን መስመሩ እናንተን ዘሎ ያልፋል።»

ደስታዬ እዚያው ላይ ጠፋ። ይህ ቃል የሕልም አልነበረም፤ እውነተኛው ፎርማን ትናንት ከሰዓት በኋላ ፊቴ ቆሞ የነገረኝ ነው፤ ስለምነው እስከ ዛሬ ጠዋት ብቻ ታገሠኝ። የሽንት ቤታችንን ጉድጓድ አባቴ የዛሬ አርባ ዓመት በገዛ እጁ ቆፈረው፤ ክዳኑንም አፈር አልብሶ ሸሸገው። በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም፣ ኮኩ ይጠጣዋል ይለን ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ይገነፍላል። ክዳኑ ያለበትን የተወልን በአንድ ቃል ነው፤ ጀርባህን ለበሩ ሰጥተህ ከኮኩ ዛፍ ዘጠኝ እርምጃ። እኔም ክፍሌን ዞሬ ዘጠኝ ቆጠርኩና ጓሮውን ሦስት ቀን ቆፈርኩት። ያገኘሁት የወንድሜን ብይና አንድ እግር የላስቲክ ጫማ ነው።

በሕልሜ ዞር ስል የእድር ድንኳን ተተክሏል። ለካ ጉድጓዱ አርፏል። የሰፈሩ ሙታን ወንበር ላይ ተቀምጠው እኛ በሕይወት ያለነው ንፍሮ እናዞርላቸው ነበር። መምጠጫ ቦቴ መጣና በመምጠጥ ፈንታ የምንጭ ውሃ አፍስሶ ሄደ። ጋሽ ሽብሩ የሟቹን የሕይወት ታሪክ አነበቡ። ጋሽ ሽብሩ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ክፍሌ ውስጥ የሚሸተኝ ከእሳቸው ቤት ነው ብዬ ሁለት ዓመት አኩርፌያቸዋለሁ። «ሁሉን ተቀብሎ ለማንም ያልተናገረ» ሲሉ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ ኮክ በሳህን ዞረ። ድሮ ኮኩ ሲደርስ አባቴ ለየጎረቤቱ አንድ አንድ ሳህን ይልክ ነበር። ዛፉ ምን ጠጥቶ እንደሚያፈራ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን አላነሳበትም። ተቀብለው፣ አጥበው፣ ደግመው አጥበው ይበሉታል። ሳህኑንም ባዶውን አይመልሱትም፤ ጎመን ወይም አንድ ሁለት እንቁላል ያኖሩበታል። ያ ጊዜ በጣም ናፈቀኝ፤ እዚያው ሕልሙ ውስጥ ሆኜ ናፈቀኝ።

አባቴ ካኪ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ዛፉ ሥር ሲሚንቶ ያቦካል። እሱ ጎረምሳ፣ እኔ ሽበታም። ወደ እሱ በተራመድኩ ቁጥር ግን ቁመቴ አጠረ፣ ሱሪዬ መሬት ተጎተተ። አጠገቡ ስደርስ የአራት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

«አባባ፣ ክዳኑን አጣሁት።»

«አልቆጠርክም?»

«ቆጠርኩ። ዘጠኝ።»

«በማን እግር?» አለኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ጉድጓዱን የከደነ ቀን እጄን ይዞ ያስቆጠረው እኔን ነው፤ ቁጥር እያስተማረኝ ነበር። ዘጠኝ ላይ ስንደርስ፣ አሥርን ነገ እንማራታለን ብሎኝ ነበር። አሁንም እጄን ያዘኝና ከዛፉ ተነሳን። አንድ፣ ሁለት አልን። መዳፉ በሲሚንቶ ሻክሯል። እንዳይለቀኝ አጥብቄ ያዝኩት። ሰባት፣ ስምንት። ለዘጠነኛው እግሬን ሳነሳ የመኪና ጡሩምባ ቀሰቀሰኝ።

ነግቷል፤ የፎርማኑ መኪና በር ላይ ቆሟል። በካናቴራ ወጣሁና ኮኩ ሥር ፀሐይ ለምትሞቀው እናቴ ሕልሜን ነገርኳት። እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ እርምጃዋ የሕፃን እርምጃ ሆኗል። ከዘራዋን ዛፉ ላይ አስደግፋ እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኳትና ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተን መቁጠር ጀመርን። ስድስት ላይ፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ለራሴ የሠራሁትን ክፍል ደጃፍ ተሻገርን። ሰባትና ስምንት ሴራሚኩ ላይ ሆኑ። ዘጠኝ ስንል አልጋዬ አስቆመን።

እናቴ ገና ያልቀዘቀዘው ፍራሼ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ።

«በል ፎርማኑ ዲጂኖውን ይዞ ይግባ» አለችኝ። «አንተ ደግሞ ሂድና ጋሽ ሽብሩን ይቅርታ ጠይቅ።»