ሙህሲን ምክንያቱን እስኪያውቅ ድረስ

ኮምፒውተር ጠጋኝ የሌለበት ሰፈር የለም፤ ጠጋኞችም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ገና ከበር ሳትገቡ «ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው» የሚላችሁ ነው። እሱ ክፋት የለውም፤ ፎቶዎቻችሁንና የልጃችሁን የመመረቂያ ጽሑፍ አጥፍቶ በሰላም ይሸኛችኋል። መፍራት ሁለተኛውን ነው። ሁለተኛው ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋል።

የኛው ሙህሲን ሁለተኛው ነው። ቃሊቲ፣ የጭነት መኪኖች ተደርድረው ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ የታላቅ ወንድሙ የረሻድ ሱቅ አለ። ረሻድ ሱቁን በኮምፔርሳቶ ለሁለት ከፍሎ ወዲህ ዘይትና ስኳር ይሸጣል፤ ወዲያ ሙህሲን ኢንተርኔት ቤት ከፍቷል። ረሻድ ደንበኛ ገብቶ ቶሎ ሲወጣ ደስ ይለዋል። ሙህሲን ግን ደንበኛ ቶሎ ከወጣበት የሆነ ነገር ያመለጠው ይመስለዋል። ከአንድ ማህፀን መውጣታቸውን የማምነው መልካቸውን ሳይ ብቻ ነው።

ማዕረጉ ብዙ ነው። ሳሪስ አቦ የሚሳለሙት «ሊቀ ሊኑክስ» ሲሉት፣ ጁምዓ አብረውት የሚሰግዱት «ሼህ ሊኑክስ» ይሉታል። እናንተና እኔ ዊንዶውስ ብለን በምናውቀው ፋንታ የሱ ኮምፒውተሮች የሚንቀሳቀሱት ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም ነው። ሲዲውን ከባሕር ማዶ በነፃ እንደሚልኩ ሰምቶ በወንድሙ ፖስታ ሣጥን አስመጣውና ቤቱን በሙሉ ቀየረው። በየሰው ፍላሽ ተሳፍሮ የሚመጣው ቫይረስ ከዚያ ወዲህ ደጅ ቀረ። የደንበኞቹም ግማሽ አብሮ ቀረ፤ «ዎርዱ የት ሄደ?» ብለው የወጡት እስካሁን አልተመለሱም።

የቆየነው ሕጉን ለምደናል። ኢሜይላችሁ እምቢ ብሏችሁ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የይለፍ ቃላችሁን አይደለም። «እምቢ ከማለቱ በፊት ምን እያደረጋችሁ ነበር?» ይላል። «መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?» ይላል። ሐኪም ቤት ካርድ ያወጣችሁ ይመስላችኋል። አንድ ቀን አንዲት ገጽ ላትም ሄጄ ወረቀቱ ጠሞ ወጣ። ምንም አይደል፣ እንዲሁ እወስደዋለሁ ብዬ ለመንኩት። «ምክንያቱን ሳናውቅማ አይሆንም» ብሎ ፕሪንተሩን ብሎን በብሎን ፈታው። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሌላ ሰው ገብቶ ወጣ። በመጨረሻ ከፕሪንተሩ ሆድ አንዲት ሽምብራ ቆሎ አወጣና በመዳፉ ይዞ ለሁላችንም አዞረልን።

ሁለተኛው ሕጉ «ንኩት፣ አይናከስም» ነው። የማሽኑን ዋና የይለፍ ቃል ሌላው ቢሆን ከሚስቱም ይደብቃል። እሱ ለመጣው ሁሉ ይናገራል፤ ሰው ካልነካ አይማርም ባይ ነው። ረሻድ ይሄን ሲሰማ ወደ ስኳሩ ዞር ብሎ «አላህ ይርዳን» ይላል።

በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ግን እነዚህ ሕጎች ሰው ሊያስለቅሱ ደረሱ። የጎረቤቴ ልጅ እየሩሳሌም ኬሚስትሪ ተመርቃ ቤት ተቀምጣ ነበር። አንድ የቀለም ፋብሪካ ደውሎ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ መቀጠሯን የሚገልጽ ኢሜይል እንደላከላት ነገራት። ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት በኢሜይሉ መቀበሏን ካላረጋገጠች ተጠባባቂዋ ትጠራለች። በስልኩ እሺ ልበል ብትላቸው «መመሪያው በጽሑፍ ነው የሚለው» አሏት።

አብረን ሙህሲን ጋ ስንገባ ካሉት ሁለት ኮምፒውተሮች አንዱ እንደ ልማዱ ተበታትኖ ጠረጴዛ ላይ ተሰጥቷል። በሌላው ኢሜይሏን ልትከፍት ስትል «ይህን ገጽ ማመን አይቻልም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

«እሰይ» አለ ሙህሲን፣ ወንበሩን እየሳበ። «ይሄን አይቼው አላውቅም።»

«ሙሄ ሙት፣ ዛሬ እንኳን ተወኝ» አለችው እየሩሳሌም። «ዝም ብለህ ክፈትልኝ።»

እኔም በታክሲ ሳሪስ ሄዳ ብትሞክር ይሻላል አልኩ።

«ትሂድ» አለ። «መንገዱ ዛሬ በከባድ መኪና ተዘግቷል እንጂ። ደግሞስ ችግሩ ከኢሜይሏ ቢሆን? ሳሪስ ደርሳ ያው ቢላትስ?»

እየሩሳሌም እንባዋ መጣ። ሙህሲን ግን ማንም የማያነበውን የስህተት ጽሑፍ እስከ ታች ድረስ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ «ዛሬ ይሄን ማሽን ማን ምን ነካው?» አለ።

ከጥግ አባባ አሻግሬ ተነሡ። ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጠዋት ጠዋት እዚያ በኢንተርኔት ጋዜጣ የሚያነቡ ሽማግሌ ናቸው።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ። «ዓመተ ምሕረቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ አገኘሁት። ሰዓቱም በስድስት ሰዓት ስቷል። አስተካከልኩት።»

የባቡር ሰው የሳተ ሰዓት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 2012 ሲል፣ እሳቸው በኛው 2004 አድርገውለታል። ሙህሲን ፊቱ በራ።

«ገጹ መታወቂያ አለው» ብሎ አስረዳን። «መታወቂያው የተሰጠው አምና ነው። ይሄ ማሽን ደግሞ ገና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው ያለው። ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ማን ያምናል?»

ቀኑን ወደ ፈረንጁ መለሰው። ኢሜይሉ ተከፈተ። እየሩሳሌም መቀበሏን ጽፋ ላከች፤ ደርሶናል የሚል መልስም ወዲያው መጣላት። «ተባረክ» ብላው ለእናቷ ልትነግር እየሮጠች ወጣች።

አባባ አሻግሬ ግን ባርኔጣቸውን አድርገው ከዘራቸውን እየፈለጉ ነበር። «እንጀራዋን ልዘጋባት ነበር» አሉ። «የማያውቁትን መነካካት ደግ አይደለም። ከእንግዲህ አልመጣም።» ከዚያ ቤት ሌላ ጠዋት የሚሄዱበት እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን። ረሻድ እንኳን ስኳሩን ትቶ በኮምፔርሳቶው በኩል ብቅ አለ።

«ቆይ አባባ» አለ ሙህሲን። «አንድ ነገር አልገባኝም። ሰዓቱን በየት በኩል ገብተው ነው ያገኙት?»

ያን ማሽን ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ነው። ሰዓቱ የት እንዳለ ለአባባ አሻግሬ ያሳያቸውም ራሱ ነው፤ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ስላልገባው ነገር ገባኝ ብሎ አያውቅም። የገባውን አልገባኝም ሲል ግን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንዴት እንደወደድኩት አልነግራችሁም።

«አንተ አታውቀውም?» አሉት አባባ።

«ጠፍቶብኛል። እስቲ ያሳዩኝ።»

ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው መነጽራቸውን አደረጉና ማውሱን ያዙ።

«እይ፣ መጀመሪያ እዚህች ጥግ ላይ ትጫናለህ» አሉ።

ሙህሲን ወንበሩን አስጠጋ። «እሺ፣ ከዚያስ?» አለ።