የፊታውራሪ ኒውትሮን ጥንዶች

ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ከየትኛውም ከተማ አይጠፋም። በጃንሆይ ዘመን ለዲላ የደረሷት መምህር ወልደዮሐንስ ነበሩ።

የጭነት መኪና መካኒኩ ሽብሩ በሆዱ «ፊታውራሪ ኒውትሮን» ይላቸዋል። ጎረቤታቸው ነውና ከሁሉ የሚበደለው እሱ ነው። መኪና ሥር በተጋደመ ቁጥር የመምህሩ ጫማ ራስጌው ይቆማል።

«በመሠረቱ፣ ሽብሩ፣ ሂሊየም የሚባለው ጋዝ እጅግ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ሆኖ ያለ ምንም ሰበቃ፣ ያለ ፍትጊያ ይፈሳል። ብርጭቆ ውስጥ ብታስቀምጠው ሽቅብ ወጥቶ ያመልጥሃል።»

«ታድሎ!» ይላል ሽብሩ።

ጥናታቸውም ይኸው ነው፤ በአቶም አስኳል ውስጥ ያሉ እንደ ኒውትሮን ያሉ ቅንጣቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደዚያ ፈሳሽ ያለ ሰበቃ እንደሚኖሩ በስሌት ማስረዳት። ላቦራቶሪ የለ፣ መሣሪያ የለ፤ እርሳስና የፈተና ወረቀት ጀርባ ብቻ። «ሊያልቅ ነው» ካሉ ስንት ክረምት አለፈ።

አንዴ ኮንጋ ዳገት ላይ ቡና የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሰው ሁሉ ትከሻውን ሰጥቶ ሲያቃስት፣ እሳቸው ጃንጥላ ዘርግተው ሰበቃ ስለሌለበት ዓለም ያስረዳሉ።

«መምህር፣ እኛን የቸገረን እኮ ሰበቃው ጠፍቶ ነው! ይግፉ!» አለ ሽብሩ።

«ግሩም ምሳሌ!» አሉ። አልገፉም።

ደግነቱ አንድ ሰሚ ነበራቸው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩብርሃን። ሹራባቸውን እየሠሩ ያዳምጣሉ፤ መምህሩ ትንፋሽ ሲወስዱ «ከዚያስ?» ይላሉ። ሽብሩ ያቺን «ከዚያስ?» በአጥር በኩል ሲሰማ «ለዛሬ ተረፍኩ» ይላል።

ወይዘሮዋን ወባ በሳምንት ውስጥ ወሰዳቸው።

ለቅሶ ቤት ሁሉም «በመሠረቱ»ን ጠበቀ። አልመጣም። መምህሩ እህል አልቀመሱ፣ ቃል አልተነፈሱ። ሴቶቹ ሳያውቁ የስሌቱን ወረቀት እሳት ሲያያይዙበት እንኳ አይተው አልተነሱም።

«እኚህ ሰውዬ ሚስታቸውን ሊከተሉ ነው» አለች የሽብሩ ሚስት አሰፋች። «አናግራቸው እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

ሄዶ ከጎናቸው ቁጭ አለ። እግዜር ያጽናዎት ሊል ፈለገ፤ እሱን ሁሉም ብሏቸዋል።

«መምህር፣ ያ... ጥንዱ ሲፈርስ፣ የቀረው አንዱ ምን ይሆናል?»

ከኋላው የመጣችው አሰፋች በክርኗ ጎሸመችው። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በመሠረቱ... ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። እሱ ባለበት ሌላ ጥንድ አይገባም።»

ፊታቸው ወደ ግድግዳው መዞር ጀመረ።

ጫማቸውን ባየ ቁጥር በጋራዡ ጓሮ ሲሾልክ የኖረው ሽብሩ ጠጋ አላቸው።

«ከዚያስ?» አለ።