ትከሻዬ ፍርድ ቤት የቆመ ለት

በ2015 ዓ.ም. ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ረጅም ሰው ሁሉ ሌባ መሆኑን የተረዳሁት በዚያ ዓመት ነው።

«ምን ሰረቀህ?» ትለኝ ይሆናል። ላሜን አልነዳም፣ ጫማዬን አልወሰደም። ረጅም ሰው የሚሰርቀው ሸክም ነው። አንተ ልትሸከም ስትንጠራራ እሱ ቀድሞ ትከሻውን ከስር ያስገባል። ሸክሙም የሱ፣ ምስጋናውም የሱ፣ ከአላህ የሚገኘው አጅሩም የሱ ይሆናል፤ አንተ በባዶ ትከሻ አብረህ ትሄዳለህ። አንተ ራስህ ረጅም ከሆንክ ይሄኔ እየሳቅህ ነው... ሳቅ። ለአንተ አልጻፍኩም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። መካነ ሰላም ገበያ ዳር ባለ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ያዥ ነኝ። ሚዛን ያዥ ሲባል ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁጥር የሚያነብ እንዳይመስልህ። ኩንታሉን ከቁልሉ ታወርዳለህ፣ ሚዛን ላይ ታወጣለህ፣ ታነባለህ፣ መልሰህ ታወርዳለህ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ሁለት ክረምት ነው፤ ለሚዛን ከበቂ በላይ ነው። የመጋዘኑ ጌታ እንድሪስ ይባላል። ከሚድህበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ያለበት አንድ ጥፋት ብቻ ነው፦ በገዛ መጋዘኑ በር ጎንበስ ሳይል አይገባም።

ኅዳር ላይ የስንዴ ቁልል ተናደና አንዱ ኩንታል ቀኝ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። አጥንቱ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ክንዴን በጨርቅ አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ፣ «አባባ፣ እስኪገጥም ድረስ ምንም ክብደት እንዳይነኩ። ቀድመው ኩንታል ካነሱ ይህ ክንድ ዳግም ከወገብዎ በላይ አይወጣም» አለኝ። በወረቀትም ጻፈው። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ሰው ጊዜያዊ የአካል ጉዳት ክፍያ የሚሉት ነገር አለው፤ ሥራ ላይ ተጎድተህ ቤት ስትውል እስክትድን አሠሪህ ይከፍልሃል። እንድሪስም ሁለት ወር ሳያጉረመርም ከፈለኝ። በሰጠኝ ቁጥር «አላህ አፊያ ያድርግዎ፣ አያ ይማም» ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር ጎረቤታችን ሙሔ ሞተ።

ከሙሔ ጋር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሠላሳ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተናል። በኛ አገር የጎረቤትህ ጀናዛ ስር ገብተህ አስከሬኑን ሳትሸከም ከቀረህ ሰው አይናገርህም፤ ዝም ብሎ ያይሃል። እኔ ንግግሩን እችላለሁ፣ አስተያየቱን አልችልም። ስለዚህ ክንዴን ያንጠለጠልኩበትን ጨርቅ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ሙሔን ሊቀብር የመጣ ሰው ሁሉ እኔን «ክንድህ ተሻለህ ወይ?» እያለ እንዲያጽናና አልፈለግሁም። ከቃሬዛው አራት እጀታ የፊት ቀኙ ባዶ ሲሆን አየሁና ገባሁበት።

አሁን አንድ ምስጢር ልነግርህ ነው። ቁመቴ ከአሥራ አራት ዓመቴ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ከሦስት ረጃጅም ሰዎች ጋር አንድ ቃሬዛ ስር ስገባ፣ አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ አይተህ ታውቅ የለ? ያችኛዋ እግር እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ይቆማል፣ እግሯ ግን መሬት አትነካም። በእንጨቱና በትከሻዬ መሀል አራት ጣት ይገባል። እንዲህ ሆኜ አርባ ዓመት ሙሉ ሙታን ሸኝቻለሁ። ሰው እንዳያውቅብኝ ፊቴን አጨማድዳለሁ፣ አቃስታለሁ፣ ተረኛ ሲቀይረኝም ትከሻዬን እያሸሁ እወጣለሁ። በማቃሰት የሚበልጠኝ ከወረኢሉ እስከ ወግዲ የለም። ይህን የምታውቅ ባለቤቴ ዘይነባ ብቻ ናት። እሷም የደረሰችበት ከቀብር ስመለስ ጋቢዬ ትከሻው ላይ ተጨማድዶ ስለማያውቅ ነው።

የሙሔ ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ለአባቷ ቀብር መድረስ ስላልቻለች አጎቷ ጀናዛውን በስልክ ቀርጾ ላከላት። እሷ አልቅሳ ለጓደኞቿ ላከች፣ ጓደኞቿ ለየዘመዶቻቸው ላኩ። ቪዲዮው ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ፣ በአምስተኛው ቀን እንድሪስ ስልክ ውስጥ ገባ። መጋዘኑ ከቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

እንድሪስ ራሱ ቀብሩ ላይ ነበረ፤ ያን ለት ትንፍሽ አላለም። ነገሩን ያበላሸው ገበያው ነው። ነጋዴው ሁሉ ስልኩን እየዘረጋ «ያ የምትጦረው በሽተኛ ይኸውልህ፣ ጀናዛ ስር!» እያለ ሳቀበት። ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣ።

«ትከሻዎ እንዴት ነው፣ አያ ይማም?»

«እንዳለ ነው።»

«ጀናዛ የቻለ ትከሻ ስንዴ እንዴት ያቅተዋል?»

«ሙሔ ስንዴ አይደለም።»

«ስንዴ ነው አልወጣኝም። እኔ የምለው፣ ከተሸከሙ ድነዋል፤ ከዳኑ ሥራ ይግቡ።»

«ሐኪሙ ድነሃል ሲለኝ እገባለሁ።»

«ሐኪሙ ቪዲዮውን አላየም።»

«አንተም አጥንቴን አላየህ።»

ተፋጠጥን። እኔ ሽቅብ፣ እሱ ቁልቁል።

«እንግዲያው ፍርድ ቤት ይየው» አለ።

«ይየው።»

እንደ ወጣ ዘይነባ መጣችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እንጨቱ አልነካኝም ብትለው ምን አለበት? አንዲት ቃል ናት እኮ።»

«ዝም በይ።»

«ክፍያው ከቀረ ኩንታል ልታነሳ ነው። ክንድህ ሲቀር ማን ሊያጎርስህ ነው?»

«አንቺ።»

«ወላሂ አላጎርስህም።»

እንድሪስ ክፍያው እንዲቆምለት ለወረዳው ፍርድ ቤት አመለከተ። በቀጠሮው ጠዋት የበልግ ዝናብ ሲያወርደው አድሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። እኔና ዘይነባ ጫማችንን እየነቀልን ስንሄድ የእህል መጫኛ መኪና አጠገባችን ቆመ። «በዚህ ጭቃ በእግርዎ ሊሄዱ ነው እንዴ? ይግቡ» አለ እንድሪስ። ገባን። ከሳሼ ችሎት ደጃፍ አድርሶ፣ ክንዴን ደግፎ አወረደኝ፤ ጃንጥላም ያዘልኝ። ጃንጥላው እሱ ቁመት ላይ ስለሆነ ዝናቡ ከጎን እየገባ አበሰበሰኝ፤ ግን ሐሳቡ ደግ ነው።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ችሎቱ ሞልቷል። አብረን የምንቀብረው የቅሬያችን ሰው፣ እንደ ዕድር መሪ ያለው የቅሬው ዳኛ፣ የሙሔ ወንድም፣ ሁሉም አግዳሚው ላይ ተደርድሯል። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን ከሚዛን ይበልጥ የሚለይ። ቪዲዮውን አስከፍታ አየችና ወደኔ ዞረች።

«አባት፣ ምስሉ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«አስከሬኑን ተሸክመዋል?»

መልሱን ዘይነባ ጠዋት ሦስት ጊዜ አስጠንታኛለች። «አልተሸከምኩም፣ ከስር ነው የሄድኩት» ልል ነው። አፌን ከፈትኩ። ዘወር ስል ግን ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ያየኛል...

«ተሸክሜያለሁ» አልኩ።

ከኋላዬ ዘይነባ «ያ ረቢ» ስትል ሰማሁ።

«ሐኪም ክብደት እንዳያነሱ ማዘዙን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሐኪሙም ቢሞት እሸከመዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። እንድሪስ «ቃላቸው ይመዝገብልኝ» አለ፤ ፊቱ በርቷል። ዳኛዋ አልሳቀችም። ቪዲዮውን እንደገና አስኬደችና አንድ ቦታ ላይ አቆመችው።

«ከኋላቸው ያለው፣ ፊቱ በቃሬዛው ጨርቅ የተሸፈነው ረጅም ሰው ማን ነው?»

እንድሪስ ቀና አለ። «እኔ ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«እንግዲህ በቀኝ በኩል የነበረውን ክብደት እርስዎና እሳቸው እኩል ነው የተካፈላችሁት?»

እዚህ ላይ ልብ በል። «አዎ» ቢል ክሱን አሸነፈ፤ አንዲት ቃል ናት። እንድሪስ ግን አግዳሚውን አየ። የቅሬውን ሰው አየ።

«እኩል?» አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኩል የሚባል ነገር አልነበረም። አያ ይማም ከእንጨቱ ጋር አልተገናኙም። የእሳቸውንም የራሴንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ትከሻዬ ልብስ አላስነካ ብሎኝ ነበር።»

«ሐሰት ነው» አልኩ። «ግማሹ የኔ ነው።»

«ኧረ ግማሽ! ሩቡም አልደረሰዎት።»

«ላቤን አላየህም?»

«ላብዎን አይቻለሁ። ከምን እንደመጣ አላውቅም።»

«ይኸው እዚህ ጋ ነበር ያረፈው» ብዬ የታመመውን ትከሻዬን በግራ እጄ መታሁት። በጣም አመመኝ፤ እንዳይታወቅብኝ ሳል አስመሰልኩት።

ዳኛዋ እስክርቢቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «አንድ ጊዜ» አለች። «ከሳሽ ተከሳሹ አልተሸከሙም እያሉ ነው። ተከሳሽ ተሸክሜያለሁ እያሉ ነው። ቦታ ተለዋውጣችኋል ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?»

እንድሪስ ምን እንደተናገረ ያን ጊዜ ገባው። ሊመልሰው ይችል ነበር፤ ነገር ግን የቅሬው ዳኛ ከአግዳሚው ላይ «እውነቱን ነው፣ እንድሪስ የሁለት ሰው ነው የተሸከመው» ብሎ አጉረመረመ፤ ይህን ምስጋና ማን መልሶ ይሰጣል? ዳኛዋም ቪዲዮውን ወደ ሰው አዞረችው። በእንጨቱና በትከሻዬ መሀል የሰማይ ብርሃን ይታያል። አርባ ዓመት የደበቅሁት ብርሃን ነው።

ውሳኔው ከሰዓት ተነበበ። ቪዲዮውና የከሳሽ የራሱ ቃል እንደሚያስረዱት ክብደቱ በተከሳሹ ትከሻ ላይ አላረፈም፤ ስለዚህ ሐኪም ድኗል እስኪል ክፍያው ይቀጥል። ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ይበሉ አባት።»

«ያችን መስመር ቢያወጡልኝ።»

«የትኛዋን?»

«አላረፈም የምትለዋን።»

«እሷ ከወጣች ክፍያውም አብሮ ይወጣል።»

ወደ ዘይነባ ዞርኩ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ታልቅስ ትሳቅ አልለየሁም። በኋላ ጠይቄያት ሁለቱንም ነው አለችኝ።

«ትቆይ» አልኩ።

ውጭ ስንወጣ ያየሁትን ብነግርህ አታምነኝም። የተሸነፈው እንድሪስ ነው፣ ሰው ግን እሱን ከቦ እጁን ይጨብጣል። «የሁለት ሰው!» ይሉታል። ትከሻውን የሚዳብሱት አሉ። ያሸነፍኩትን እኔን «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለኝ ሁሉ ዓይኑ ትከሻዬን አልፎ ከበላዩ ያለውን ባዶ ቦታ ይለካል። እንድሪስ ራሱ መጥቶ በጆሮዬ፣ «አጥንትዎን ያድኑ አያ ይማም፣ ሌላው ሌላ ነው» አለኝ። ጆሮዬ ጋ ለመድረስ መታጠፍ ነበረበት።

በማግስቱ ጠዋት ጨርቄን አንገቴ ላይ አሰርኩና ከቤት ወጣሁ። ሐሳቡ ሲነጋ ነው የመጣልኝ፤ ሚዛን ያዥ ነኝና ሒሳቡ ቀላል ነው። አራት አጫጭር ሰዎች በአንድ ዙር ቃሬዛ ስር ቢገቡ እንጨቱ ወዴት ይሄዳል? ትከሻ ላይ ከማረፍ በቀር ምርጫ የለውም። ትከሻዬ ሲድን አብረውኝ የሚገቡ ሦስት አጫጭር ሰዎች ብቻ ነው የሚጎድሉኝ።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ሙሳ ዘንድ ሄድኩ። ጉዳዩን አስረዳሁት። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ ሊለካ ነው ብዬ ደስ አለኝ። «እኔ መካከለኛ ነኝ» ብሎ ሜትሩን መልሶ አንገቱ ላይ አደረገው።

በኛ ቅሬ እስላምና ክርስቲያን አንዱ የአንዱን ይሸከማልና፣ ከዚያ አለቃ ተገኝ ዘንድ ሄድኩ። «ጥምጥሜን ቆጥረህ ነው ሳትቆጥር?» አሉኝ።

«ሳልቆጥር።»

«እንግዲያው አትቆጥረኝ።»

ሦስተኛው ባጃጅ ነጂ ነው። «ተቀምጬ ስለምታየኝ ነው፣ አያ ይማም» አለኝ።

«እንግዲያው ውረድና ልይህ።»

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ነዳው።

እስከ ቀትር ድረስ ከተማዋን አካለልኳት። መካነ ሰላም ውስጥ ከእኔ በቀር አንድም አጭር ሰው የለም።