መኪናው የማያልቅለት ሰው

ከተማ በሚባል ቦታ ሁሉ መኪናው የማያልቅለት አንድ ሰው አለ። ገበያ፣ ወፍጮ ቤትና እሱ የሌሉበት ከተማ ገና ከተማ አልሆነም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት ፊቱን አታውቁት ይሆናል፤ ከመኪና ሥር የሚወጣው እግሩ ብቻ ነውና። ሰላም ስትሉት ከዚያው ከሥር ሆኖ ይመልሳል። ለቅሶ የሚደርሰው ክርኑ ላይ ግራሶ እንደያዘ ነው። «መቼ ልትጨርስ ነው?» ካላችሁት መልሱ በአገሩ ሁሉ አንድ ነው፦ «አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ።»

የእኛ የደብረ ታቦሮቹ ክቡር ኢንጂነር ደሞዜ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠነው ጎረቤቶቹ ነን፤ ዩኒቨርሲቲውን አላስቸገርንም። የሚተዳደረው በወፍጮ ቤቱ ነው። መኪናው አሮጌ ላንድሮቨር ናት። ሲገዛት ዶሮዎች ይኖሩባት ነበር፤ እነሱን ለማስለቀቅ ከሻጩ ጋር ከተደረገው የበለጠ ክርክር ተደርጓል።

ነገሩን የጀመረችው ግን መኪናዋ አይደለችም፤ እናቱ ናቸው። እማሆይ ዓለሚቱ ከክምር ድንጋይ ከተማ ተገንጥሎ ወደ ጉና ተራራ እግር በሚወጣው መንገድ ጫፍ ላይ ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራቷቸው ዳሌያቸውን ተጎዱ። የጤና ኬላዋ ልጅ፣ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ቶሎ ካልታዩ ከነጭራሹ መቆም ሊያቅታቸው እንደሚችል ነገረቻቸው። የሰፈሩ ሰው ቃሬዛ ይዞ መጣ። «በቃሬዛ የሚወጣ ሬሳ ነው፤ እኔ ገና እናገራለሁ» ብለው መለሱት። በኮንትራት የመጣው መኪና ደግሞ የመጀመሪያውን ቦይ ሲሻገር ጮኸው ወረዱ። በከዘራ ተደግፈው ቤታቸው ገቡና፣ መኪና የሚባል ነገር ከእንግዲህ ደጃቸው እንዳይደርስ ገዘቱ።

ደሞዜ እንደ ሌላው ሰው መንገዱ ይሠራልን ብሎ ማመልከቻ አላስገባም። «ጋሼ እሸቴ፣ መንገዱን መጠገን አልችልም» አለኝ። «ጎማውን ግን እንደ ሰው ጉልበት እንዲታጠፍና እንዲዘረጋ አደርገዋለሁ። ጎማው ጉድጓድ ይግባ፤ እናቴ አትግባ።»

እኔ ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ዘግይቶ መማር የጀመረ ሰው ቤተሰቡን ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከራሴ አውቃለሁ። ስለዚህ መፍቻ አቀበልኩት።

መጀመሪያ ባሌስትራው ላይ፣ ማለትም የመኪናዋን ክብደት ተሸክሞ በሚተጣጠፈው ድርብርብ ብረት ላይ፣ ሌላ ብረት ደረበበት። መኪናዋ ከፍ አለች። ሰፈሩ አጨበጨበ። ለሙከራ ቦይ ውስጥ ሲያስገባት ግን አንዱ ጎማ አየር ላይ ቀረ፤ ኢንጂነሩም ጣሪያውን በጭንቅላቱ ሰላም አለው። ብረት ሲበዛ ደርቋል እንጂ አልተዘረጋም። ያን ጊዜ ነው ሁለተኛው መፈክሩ የተወለደው፦ «ከፍታ ሌላ፣ መዘርጋት ሌላ!» ይህን ለቄሱም፣ ለባጃጅ ነጂውም፣ እህል ሊያስፈጩ ለመጡ ሴቶችም አስተማረ። ዱቄታቸውን እየጠበቁ የተማሩት ሴቶች እስካሁን አልረሱትም።

የደረበውን አወለቀ። ረዘም ያለና ልል ባሌስትራ አገባ፤ የሚንጠለጠልበትን ብረት በብየዳ አዛወረ፤ ንዝረት የሚያበርዱትንም አሞርዛተሮች በረጃጅሞች ለወጠ። ከዚያ አንዱን የኋላ ጎማ ድንጋይ ክምር ላይ አወጣ። ሌላኛው ጎማ ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፣ ከመሬትም አልለቀቀም። ሰውየው ከደስታው የተነሳ መሪውን ሳመ። የረሳው አንድ ነገር ነበር፤ ለፍሬኑ ዘይት የሚያደርሰው ቱቦ አብሮ አልረዘመም። ቱቦው ተበጠሰ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንደረደረች፤ ፍሬን ረገጠ፤ ፍሬን የለም። መኪናዋ የቆመችው፣ ሚስቱ ሠናይት ለጠላ ያሰጣችው ብቅል መካከል ነው።

«አንተ ሰው» አለች ሠናይት ወገቧን ይዛ፣ «ለእናትህ የምትሠራት መኪና መጀመሪያ የምትጨርሰው እኔን ነው?»

«አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ።»

«እሷም እኔ ነኝ!»

ብቅሉን አብረው ለቀሙ። ማግስቱን ባሌስትራውን በሙሉ ፈትቶ፣ ጎማውን በክሪክ ቀስ እያለ ወደ ላይ አነሳው፤ ወደ ታች ለቀቀው። የሚነካውን ቆረጠ፣ የሚያጥረውን አስረዘመ፤ ጎማው ከልክ በላይ እንዳይንጠለጠልም በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ አሰረው። አንድም ሰው እንዲቀልድ ጊዜ አልሰጠም። እኛም ከተለመደው በላይ አልቀለድንም።

በመጨረሻም ከኋላ ፍራሽ አንጥፎ እናቱን ሊያመጣ ሄደ። ሲመለስ መኪናዋ ባዶ ነበረች።

«ምነው?» አልኩት።

«አጃቢ» አለኝ።

ኢንጂነሩ ባሌስትራውን ያላላው ለአንዲት ቀጭን መነኩሲት ልክ ነበር። የታመመ ሰው ብቻውን ሲሄድ የት እንዳየ እንጃ። እማሆይ ለልጃቸው ሲሉ ግዝቱን ለዚያች ቀን አንስተው ፍራሹ ላይ ሲወጡ እኅታቸው ተከተሉ፤ የጽዋ ማኅበራቸው ሴቶች ተከተሉ፤ የክርስትና ልጃቸው የገብስ ስልቻ ይዞ ወጣ፤ የቀሩት ከበስተኋላ ተንጠለጠሉ። መኪናዋ እንደተጫነች ግመል ተቀመጠች። የመጀመሪያው ቦይ ላይ ብረት ከብረት ሲማታ እማሆይ «አውርዱኝ! አጥንቴን ሰባብሮ ለሐኪም ሊያሳይ ነው!» ብለው ጮኹ። ወረዱ፤ ግዝቱም ተመለሰ።

«አጃቢውን አታወርድም ነበር?»

«ምን ብዬ ነው የማወርደው ጋሼ? የእናቴ ሕመም አይመለከታችሁም ልበላቸው?» ክርኑን በጨርቅ ጠረገ። «አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ። አጃቢ የሚችል ባሌስትራ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰፈሩን በሙሉ ጠራ። ሠናይት ከዚያው ከተለቀመው ብቅል የጠመቀችውን ጠላ አቀረበች፤ በየጽዋው ጠጠር አላጣንም። ከዚያ ሁላችን እውነተኛ አጃቢ ሆነን መኪናዋ ላይ እንድንሰፍር ታዘዝን። ባሌስትራው የሚለካው በተቀመጥንበት ነው። ይህ ግን ቀላል አልነበረም። ጋቢና የሽማግሌ ቦታ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ብዙ ነን። «እርስዎ ይግቡ»፣ «ኧረ በማርያም እርስዎ!» ስንባባል ኢንጂነሩ ሜትሩን ይዞ ከሥር ይጠብቃል። እኔ በዕድሜዬ ጋቢና ልገባ ስል እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ፍራሹ ላይ ይተኙልኝ።»

«ምን አልክ?»

«ከእናቴ ጋር በክብደት እኩል ነዎት።»

በዚህ ሰፈር ስንት ሰው አስታርቄያለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሰው እያየኝ፣ የመነኩሲት ፍራሽ ላይ ተዘረጋሁ። ሴቶቹ ከበቡኝ። አንዷም «እግዜር ይማርዎ» አለች። ደሞዜ አጠገቤ ያለው ሁሉ እስኪስቅ ጠብቆ በሜትሩ ለካና ሌላ ብረት ጨመረ፤ ይኸኛው ብረት ሰው ሲበዛ ብቻ የሚነካና የሚያግዝ ነው። እንደገና አስወረደን። እንደገና አስወጣን። ሳቁ አልቆ ጠላውም አልቆ እሱ ገና ይለካ ነበር።

ከደሞዜ ጋር ቤታቸው ድረስ ሄጄ እማሆይን ግዝታቸውን ያስለወጥኳቸው እኔ ነኝ። «እኔ ተኝቼበት አልሞትኩም» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «እርስዎ አጠገቤ ከተቀመጡ እሺ» አሉ። ስለዚህ ከፍራሹ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ አጃቢውም ሁሉ ወጣ። የመጀመሪያው ቦይ መጣ። ጎማዎቹ አንዱ ወርዶ ሌላው ወጥቶ ሲታገሉ ከሥር ይሰማኛል፤ እማሆይ ግን የአንድ ጎረቤታቸውን የድንበር ክርክር እየተረኩልኝ ነበር። ሁለተኛውንም ቦይ አለፍን፤ ወሬው አልተቋረጠም። ደሞዜ በመስታወቱ ሲያየን ዓይኑ እርጥብ ነበር። አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት።

አስፋልት ስንወጣ ሁላችን አመሰገንን። ያን ጊዜ ጉድ ሆነ። ያ ረጅምና ልል ባሌስትራ በየመታጠፊያው መኪናዋን እንደ ጣና ታንኳ ያወዛውዛት ጀመር። እማሆይ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ይሄ ነው ጥሩ መንገድ የምትሉት? መልሱኝ ወደዚያኛው!»

ደሞዜ ፍሬን ያዘ። ከአስፋልቱ ጎን ከብት የሚነዳበት ጎርበጥባጣ መሄጃ አለ። መሪውን ጠምዝዞ ወደዚያ ወረደ። መኪናዋም ጎማዎቿን እያጣጠፈች ረጋች።

እንዲህ ሆነን፣ ለስላሳው አስፋልት ከጎናችን ባዶውን እየሄደ፣ ደብረ ታቦርን በቦይ በቦይ ገባናት። አንድ ባጃጅ ነጂ አጠገባችን ዝግ ብሎ አንገቱን አወጣ።

«አባባ፣ መንገዱ እኮ እዚህ ነው! ሹፌራችሁ ደህና ነው?»

በደሞዜ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ስቄያለሁ። በእኔ ፊት ሌላ ሰው ሲስቅበት ግን ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም ነበር።

«የደህና ደህና ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «አንተ በአስፋልትህ ሂድ!»

የሆስፒታሉ አጥር ታየ። እማሆይ እጃቸው ክንዴን እንደያዘ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ደሞዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ደርሰናል። ልቀስቅሳት?»

ፊታቸውን አየሁት።

«ይተኙ፤ አንድ ዙር አዙረን» አልኩት።