ክፍል አንድ ላይ እንዲህ አልነበረም

ጌም ቤት ባለበት ሰፈር ሁሉ ጌም የማይጫወት አንድ ሰው አይጠፋም። ጆይስቲክ ነክቶ አያውቅም፤ ከተጫዋቹ ትከሻ ጀርባ ያለችውን ወንበር ግን ማንም አይቀማውም። ይህ ሰው ስለ ጌሙ ሁሉን ያውቃል፤ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ግን ጌሙ መቼ እንደተበላሸ ነው። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ያዝናል። አዲስ ክፍል ባይወጣ ደግሞ የሚያዝንበት አጥቶ ይታመማል።

በካርቱሙ ሰፈር በሳጃና ውስጥ ይህን ሹመት ይዞ የኖረው ክቡር ኡስታዝ ዓለምነህ ነው። ኡስታዝነቱን የሰጠው ትምህርት ቤት የለም። የጌም ቤቷ ባለቤት ሀኒፋ አንድ ቀን ንግግሩ ሲሰለቻት «በቃህ፣ ያ ኡስታዝ» አለችው፣ አንተ መምህር እንደማለት፤ እሷ ለተግሣጽ ያለችውን እሱ ለማዕረግ ወሰደው። በሙያው የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋል፤ ወይም ይሰፋ ነበር። ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ከጦርነቱ በኋላ ግድግዳው ብቻ ቆሞ ስላገኘው፣ ዛሬ ሙሉ ቀኑን ለጌሙ ያውለዋል።

ሀኒፋ የባቲ ልጅ ናት። ካርቱም የገባችው በሰው ቤት ልትሠራ ነበር። ዓመታት አልፈው አንዲት ክፍል ተከራየች፣ ሁለት ቴሌቪዥን አስገባች፣ ጥግ ላይ የሻይ ምድጃዋን ተከለች። በጦርነቱ ከሸሸችበት ከገዳሪፍ ስትመለስ ቴሌቪዥኖቹ አልነበሩም፤ በሩም ከነማጠፊያው ተነቅሎ ሄዷል። የቀራት ማንም ያልፈለገው ምድጃ ነው። አሁን አንድ ቴሌቪዥን አላት፤ ጣሪያ ላይ በወጣች ሶላር ይሠራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱም ይዘጋል። ከሰፈሩ ቤቶች ግማሾቹ ገና ባለቤታቸውን ስለሚጠብቁ፣ የተመለሰው ሰው ሌላ የሚሰበሰብበት ቦታ የለውም።

የሚወደደው ጌም በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው፤ ሳጃና «ዘበኛው» ብሎ አሳጥሮታል። የአንዲት ከተማ በር ጠባቂ ታሪክ ነው። እስካሁን ሰባት ክፍል ወጥቶለታል፤ በክቡር ኡስታዝ ዓለምነህ ሚዛን ግን የወጣው ሦስት ብቻ ነው፣ የቀረው «ጩኸት» ነው።

«ክፍል አንድ ላይ እንዲህ አልነበረም» ይላል፣ ገና ጌሙ ሲከፈት።

«ገና ስሙ ነው የወጣው፣ ያ ኡስታዝ» ይለዋል ተውፊቅ። ተውፊቅ ካርቱም የተወለደ፣ እዚያ ሪክሻ የሚሏት የባጃጅ ሾፌር ነው፤ አማርኛው ከእናቱ ጓዳ አልወጣም፣ ዓረብኛው ግን እንደ ውኃ ይፈሳል። በጌሙ የሚስተካከለው የለም።

«ስሙንም አበላሽተውታል። እስቲ ገዢውን ተመልከተው። ጥቁር ካባ ለብሷል። ገና ሲገባ መጥፎ መሆኑን ይነግርሃል። ክፍል አንድ ላይ ገዢው ዳቦ ያድል ነበር። ሰው ይወደው ነበር። አንተም ትወደው ነበር፤ የምትጠላው ራስህን ነበር። ፖለቲካው ያኔ ዳቦው ውስጥ ነበር፤ አሁን አፋቸው ውስጥ ነው።»

በክፍል ሰባት በየመንገዱ ማዕዘን አንድ አመፀኛ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ንግግር ያደርጋል። ንግግሩ ሳያልቅ ጌሙ ተጫዋቹን ይጠይቃል፦ ፍትሕ ወይስ ሥርዓት? ተውፊቅ ፍትሕን ተጫነ፤ ከተማዋ ፈነዳች። ወደ ኋላ ተመልሶ ሥርዓትን ተጫነ፤ ያችው ከተማ ያንኑ ፍንዳታ ፈነዳች።

«ታዲያ ምን ሊያደርግላቸው ጠየቁህ?» አለ ኡስታዝ ዓለምነህ። ሀኒፋም ከምድጃዋ ሆና፣ ሳትወድ፣ እውነቱን ነው አለች በልቧ።

ሕመሙ ከጌም ያለፈ ነው። የቡሪ ሰፈር ፉል ክፍል አንድ ላይ ቀርቷል። ሪክሻ ድሮ ሲዞር ያዘነብል ነበር፣ አሁን ይወድቃል። የሀኒፋ ሻይ እንኳ ከምርመራው አላመለጠም፦ «እታለም፣ ቅርንፉዱን ቀንሰሻል»፤ ሀኒፋ ቅርንፉዱን ጨምራ ነበር። ጦርነቱ በፈነዳ ሳምንት፣ ሁሉም መሬት ላይ ተጋድሞ መስኮቱ ሲረግፍ፣ ክቡርነታቸው ጭንቅላታቸውን ሳያቀኑ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ይሄ ክፍል ሰባት ነው። ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ ያልጻፉበት።» ክፍል ሰባት ያኔ ገና አልወጣም ነበር። እንደሚመጣ ግን ያውቅ ነበር። ሀኒፋ በዚያን ሰዓት ጫማዋን ልትወረውርበት አስባ ነበር። ገዳሪፍ ከደረሱ በኋላ ሰዎች ስለ ጦርነቱ ሲጠይቋት፣ ያንኑ አረፍተ ነገር ስትደግም ራሷን ያዘችው።

ነገር ግን ሰው ይደክመዋል። ሀኒፋን የደከማት የሰው ድካም ብቻ አይደለም፤ ከስደት የተመለሰ ሰው ድካም ነው፤ ጠዋት በር የሚሆን ቆርቆሮ ፈልጎ፣ ከሰዓት ውኃ ቀድቶ፣ በመሃል የጌም ትችት የሚሰማ ሰው ድካም። አንድ ቀን ተውፊቅን ጠራችው።

«አርካዊት ሰፈር የጌም ነጋዴ አለ ብለሃል?»

«አለ፣ ካልቲ» አላት፣ አክስቴ እንደማለት።

«ክፍል አንድን አምጣልኝ። አሮጌውን። ይየው፣ ይጥገብ፣ ዝም ይበል።»

ተውፊቅ አመጣው። አሮጌው ክፍል አንድ፣ ካምፓኒው መልኩን አድሶ እንደገና ያወጣው። ሀኒፋ ደስ አላት። ለሰው ስጦታ ከሰጠች ቆይታለች።

ቀኑ ዓርብ ስለነበር ቤቱ ሞላ። በሰው ቤት የምትሠራዋ ናስራም መጣች። ናስራ ያላት ዕረፍት ዓርብ ብቻ ነው። ዓረብኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም፤ እንግሊዝኛም አታውቅም፤ ጆይስቲኩ በየት በኩል እንደሚያዝም ግድ የላትም። የምትመጣው ለታሪኩ ነው። ከጦርነቱ በፊት ክፍል አንድን ኡስታዝ ዓለምነህ ሲተርክ ሰምታ እያለቀሰች ወጥታለች፤ አሁን ደግሞ ልትደግመው መጥታለች።

ኡስታዝ ዓለምነህ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ፊቱ የሠርግ ፊት ነበር። «እንግዲህ» አለ፣ «ይሄ ዘበኛ ታናሽ ወንድም አለው። ወንድምየው ከገዢው ወታደሮች ጋር ነው። የሚበላው የገዢውን ዳቦ ነው፤ ለእናታቸው የሚልከውም ከዚያው ዳቦ ነው። እናታቸው ሰኞ ሰኞ ገበያ ወጥታ…»

«ያ ኡስታዝ» አለ ተውፊቅ። ዓይኑ ከማያው ግርጌ ላይ ነበር። እዚያ ድሮ ያልነበረ፣ ነጭ የዓረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። «ወንድም ማፊ።»

«ምን?»

«ወንድም የለም። እዚህ ተጽፏል። ቁልፍ ጠፋው፤ በር ያልከፈተው ለዚህ ነው። አለቃው ይመጣል፣ ይቆጣዋል። ኻላስ፣ በቃ።»

በማያው ላይ ዘበኛው ኪሱን ይፈትሻል።

«ቆርጠውታል» አለ ኡስታዝ ዓለምነህ።

«ማንን?»

«ወንድሙን። ሲያድሱት ቆርጠው አውጥተውታል። ለምን? ፖለቲካ ነዋ። ስንት ዓመት የምነግራችሁ ይሄንን አይደለም?»

«እናቱንም ቆርጠዋት?» አለ ተውፊቅ። ለክፋት አልነበረም፤ የምር ነበር የጠየቀው። ከኋላ ግን አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው፣ «ዳቦውንም በልተውታል» አለ ሦስተኛው፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኡስታዝ ዓለምነህ አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ሀኒፋ እሱ ሻይ ሲያስተርፍ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

በነጋታው አልመጣም። በሚቀጥለውም። መንገዱን ተሻግሮ፣ ባለቤቶቹ ካልተመለሱበት ቤት ደጃፍ በተጣለ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ታየዋለች። ፊቱን ወደ ዳይም ሰፈር መንገድ አዙሮ ነው። ሰው ሰላም ሲለው ይመልሳል። ስለ ምንም ነገር ግን አይከራከርም፤ አንድ የሪክሻ ሾፌር ቆሞ ስለ ነዳጅ ሲያማርር እንኳ «አላህ ያውቃል» ብሎ አለፈው። የሚያምነው ሰው ካጣ በኋላ ስለ ነዳጅ ምን ይላል?

ሀኒፋ የተመኘችውን ዝምታ አገኘች። ተውፊቅ ይጫወታል፣ ጽሑፉን በልቡ ያነባል፣ ያሸንፋል። ሌላው ገብቶ አንድ ሻይ ይጠጣና ይሄዳል። የሚቆይ የለም፤ ሌላ ሰው ቁልፍ ሲፈልግ ለማየት ማን ይቆያል?

ምድጃዋ ላይ ተደግፋ ነገሩን ወደ ኋላ ቆጠረችው። ኡስታዝ ተበላሸ የሚለው ከክፍል አራት ጀምሮ ነው። ማያው ላይ የዓረብኛ ጽሑፍ መታየት የጀመረውም ከክፍል አራት ጀምሮ ነው። በፊት ጌሙ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲመጣ ልጆቹ እንግሊዝኛ የሚያውቅ መስሏቸው በጉጉት ዞረው «ምን አለ?» ይሉት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ራሳቸው አነበቡት። ተራኪ የነበረው ሰው ሥራ ሲያጣ ሃያሲ ሆነ።

ሀኒፋ ደግሞ የተውፊቅን ያህል አልተገረመችም። ባቲ ላይ የገበያ ቀን ሰኞ ነው። የዘበኛው እናት ሰኞ ገበያ ወጥታ ከቆላ ከመጡ ግመል ነጂዎች ጨው ስትገዛ፣ ሀኒፋ ገና ድሮ፣ ስኳር እየጨመረች፣ ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ ብላ ነበር። ፈረንጅ የሠራው ከተማ ውስጥ የባቲ ገበያ ምን ሊሠራ ይገባል? ኡስታዝ ወሎ አድጎ ሰኞን ከዚያ ይዞት መምጣቱ ግልጽ ነበር። አልተናገረችም። ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ይናገራል እንዴ?

ደግሞ የሸሹበት ሎሪ ነበረ። ከካርቱም ሲሸሹ፣ ከኬላዎቹ አንዱ ላይ አቁመዋቸው፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ወታደሮቹ ወንዶቹን እያወረዱ ሲመረምሩ፣ ሎሪው ላይ የቀሩት ሕፃናት ሲያለቅሱ። ያኔ የመውረድ ተራው ያልደረሰው ኡስታዝ ዓለምነህ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ክፍል አንድን ከመጀመሪያው ጀመረ። የገዢው ወታደሮች ከበሩ ውጭ ናቸው፤ መሪያቸው ወንድምየው ነው። በበሩ ስንጥቅ ጠመንጃውን ደግኗል። ከውስጥ ያለው ማን እንደሆነ አያይም። ዘበኛው ይስላል። እዚህ ላይ ኡስታዝ ራሱ ይስላል፤ ዘወትር፣ የደረቀ፣ የትንባሆ ሳል። ወንድምየው ጠመንጃውን ዝቅ ያደርጋል። «ሳልህን አወቅኩት» ይላል። ሕፃናቱ ዝም ብለው ነበር። ከሎሪው ሥር የቆመው ወታደር፣ አማርኛ የማያውቀው፣ እሱም ቀና ብሎ አይቶ ነበር። ያን ቀን ወንድምየው ሎሪው ላይ አብሯቸው ተቀምጦ ነበር፤ አሁን ተነሥቶ የለም ሊባል ነው?

ዓርብ ናስራ መጣች። ወንበሩን አየች።

«እቴ ሀኒፋ፣ ጋሼ ዓለምነህ የለም? ወንድምየው በሩ ላይ የሚመጣበት ጋ ሳንደርስ ነው ያለፈው ጊዜ የወጣሁት።»

ተውፊቅ አንገቱን አቀረቀረ። ሀኒፋ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና መንገዱን ተሻገረች።

«ተነሥ» አለችው።

«ምን ላደርግ፣ እታለም? አንባቢ አለላችሁ።»

«ሻይህን አስተርፈህ ሄደሃል። ይቀዘቅዛል።»

«የሳምንት ሻይ?»

«ክፍል አንድ ላይ እንዲህ አልነበርክም። ተነሥ፣ ያላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ፣ ግን የራሱ ቃል ስለነበር የሚያክልበት አጣ። ተከተላት። ሲገቡ ከኋላ አንዱ «ዳቦው» ሊል ሲል ሀኒፋ አየችው፣ ተወው። ኡስታዝ ዓለምነህ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ተውፊቅ ጌሙን ከፈተ፤ በማያው ግርጌ ነጩ ጽሑፍ መሮጥ ጀመረ። ኡስታዝ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

ሀኒፋ ከራሷ ላይ ሻርፗን ፈታች። በውስጡ ሌላ ሻሽ አጥብቃ ያሰረች ስለነበር አላፈረችም። ሻርፑን ለሁለት አጠፈችውና በቴሌቪዥኑ ግርጌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠረችው፤ ጽሑፉ ተሸፈነ። የዘበኛው እግርም ከጉልበቱ በታች አብሮ ተሸፈነ።

«እታለም፣ ጽሑፉን ጋረድሽው» አለ ኡስታዝ፣ ቀስ ብሎ።

«ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል። በል።»

ወንበሩን ወደ ማያው ጠጋ አደረገ። ከዚያ ጀመረ። መጀመሪያ ድምፁ ቀጥኖ ነበር፤ ዳቦው ጋ ሲደርስ ሞላ፤ እናቲቱ ሰኞ ገበያ ስትወጣ ናስራ ጉልበቷን አቅፋ ተደላድላ ተቀመጠች። ሀኒፋ ሻይ ቀዳች፤ ቅርንፉዱንም ጨመረችበት።

ዘበኛው በሩ ጋ ደረሰ። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ቁልፉ የት እንደወደቀ ያውቃል፤ ተውፊቅም ያውቃል፤ ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። እሱ ግን ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አኖረው። ዘበኛው በሩ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሂድ እንጂ» አለው አንዱ ከኋላ።

«ቆይ» አለ ተውፊቅ፣ በተሰባበረ አማርኛው፣ ዞሮ ሳያይ። «ወንድሙ ውጭ ነው። ዘበኛው ገና አልሳለም።»

ክቡር ኡስታዝ ዓለምነህ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ሳለ።