አባየ ሆዱን የሸፈነብኝ መርፌ

ዛሬ ያደረግኩትን ብነግራችሁ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ። ቢሆንም ልንገራችሁ። ከሆስፒታል ክፍል ተባርሬ ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ሌላ ሥራ የለኝም።

አባየ እግሩ ውስጥ ደም ረግቶበት ተኝቷል። ጠዋትና ማታ ሆዱ ላይ ሄፓሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ይወጉታል። የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባው ከገባ... በቃ፣ ገብቷችኋል።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የቀረሁት የአባየ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ባዮሎጂ ግን አሁንም እወዳለሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአጎቴ ልጅ ስለ ሄፓሪን የላከልኝን ትናንት ስልኬ ላይ ሳነብ ዋልኩ።

ዛሬ ጠዋት ክፍሉን በሙሉ አስተማርኩ።

«አባየ፣ ሰውነታችን ውስጥ ሥጋ የሚያሳድጉ፣ ቁስል የሚጠግኑ ፕሮቲኖች አሉ። ብቻቸውን ከተተዉ ቶሎ ይበላሻሉ። ሄፓሪንና ዘመዶቹ ደግሞ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ስኳሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ፕሮቲኑ ፖዘቲቭ፤ ይሳሳቡና ይጣበቃሉ። ስኳሩ ፕሮቲኑን ይዞ ያቆየዋል፣ ከሴሉም ጋር ያገናኘዋል።»

«ደላላ ነዋ» አለ አባየ።

ሳቀ። ከተኛ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ አይደል?

አጠገቡ ጭናቸው ተሰብሮ የተኙ የኮሶዬ ገበሬ አሉ፣ አያ ታከለ። እሳቸውም የሚወጉት ይኼንኑ መርፌ ነው።

«ሸጋ ነው ልጄ። ይኼ ስኳር ከምን ይገኛል? ከአገዳ ነው?»

«አላውቅም» ማለት ያቅተኛል። ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርኩ ተጎትቶ ተጎትቶ መጣ። አፌ ከጭንቅላቴ ቀደመና ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ከአሳማ አንጀት።»



እስላሙም ክርስቲያኑም አሳማ በማይቀምስበት ጎንደር፣ በሽተኛ በሞላበት ክፍል ውስጥ!

«ምነው ልጄ» አሉ አያ ታከለ። «እና የትናንቱን አሁን ምን ላድርገው?»

አባየ ሸሚዙን ወደ ታች ስቦ ሆዱን ሸፈነ። ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ «በአፌ ያላስገባሁትን በእምብርቴ በኩል አላስገባም» አላት።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «ስታስተምሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ አይደል? ለሱ የሚሆን ሌላ መድኃኒት እዚህ የለም። ከሞተ ያ ፕሮቲንሽ ሲያስነሳው እናያለን።»

መስጊዳችን ላሉት ሼህ ደወልኩና ስፒከር ላይ አደረግኳቸው።

«ነፍስ ለማዳን ከሆነና ሌላ ከሌለ ይፈቀዳል፣ እንድሪስ። ተወጋ» አሉት አባየን።

«እሺ» አለ አባየ። ሸሚዙን ግን አልገለጠም።

ለመንኩት። አለቀስኩ። ነርሷ ሰዓቷን አየች።

በመጨረሻ «አንቺ ውጪ» አለኝ። «ሼሁ ፈቅደዋል፣ እወጋለሁ። አንቺ እያየሽኝ ግን አይሆንም።»

ወጣሁ። ተወጋ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ነርሷ ወጥታ ነገረችኝ።

ይኼን ሰውዬ ሰውነቱን አጥቤዋለሁ። ደግፌ ሽንት ቤት ወስጄዋለሁ። ያኔ አላፈረኝም። ዛሬ አፈረኝ።

ማታ ደግሞ ሌላ መርፌ አለ። እስከዚያ ገብቼ አጠገቡ መቀመጤ፣ የሆነ ነገር ማውራቴም አይቀርም። ሰዎች፣ ለታመመ አባት የሚሆን፣ ማንንም የማይጎዳ ወሬ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ።

መጀመሪያ በልቤ ነው የማነበው።